ከሊሾው ሥር

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይደርስብኝ ብዬ የእናቴን ግቢ ሊሾ አስፈነቀልኩት። ኮምቦልቻ ባለው ግቢያችን ሁለት የሰፈር ልጆች በመዶሻና በዲጂኖ ከማለዳ ጀምረው ሲቀጠቅጡ ዋሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ፦ «እትዬ፣ ይምጡማ! ከሥሩ ሌላ ንጣፍ አለው!»

ጎንበስ ብዬ አቧራውን በመዳፌ ጠረግኩት። ጥቁር ድንጋይ ነው። ፊቱ በእግር ብዛት ልሞ መጅ መስሏል። ጠርዙ ላይ ግን የፑንታው ምት ዛሬ የተመታ ይመስል በግልጽ ይታያል፤ አጫጭር ጭረቶች፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ። ቀኝ እጁ የሚቀናው ግንበኛ ቢሆን የሚያዘነብሉት ወደ ወዲያኛው ነበር። አባቴ ግራኝ ነበር። ይህን ንጣፍ እኔ በተወለድኩበት በ1962 ዓ.ም. እንደ ሠራው እናቴ ስታወራ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዳለ ከነክብሩ መቀመጡን ግን አላሰብኩም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላስበው በላዩ ስመላለስ ኖሬያለሁ።

ዛሬ ግቢውን ለማሳመር የሚነሣ ሰው «ለአካባቢ የሚስማማው ዕቃ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀምሯል። እኔም ሊሾውን ላስፈነቅል ስነሣ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልስ ፍለጋ ብዙ ሰው አነጋገርኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት ግን እዚያው ከእግሬ ሥር፣ በግቢያችን ታሪክ ውስጥ ነው። የግቢን ዕቃ የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ የዘነበውን ውሃ ወዴት ይልከዋል? ሲያረጅስ የት ይወድቃል? ወሎ ውስጥ የግቢ ዕቃ በተለወጠ ቁጥር የነዚህ የሁለቱ መልስ አብሮ ተለውጧል።

አባቴ የአልብኮ ሰው ነበር። ድንጋይ ማንበብ የለመደው ከእርሻ ካብ ነው፤ ልጅ ሆኖ ከአያቴ ጋር ከማሳ ላይ ድንጋይ እየለቀመ ዳገቱን ሲክብ አደገ። ኮምቦልቻ ወርዶ ግንበኛ ከሆነ በኋላም የሚያስበው እንደ ካቢ ነበር። «ድንጋይ ፊት አለው፣ ጀርባ አለው፣ ጅራት አለው» ይል ነበር፤ «ፊቱን ለሰው፣ ጅራቱን ለመሬት ትሰጫለሽ።» ግቢ ሲያነጥፍ መጀመሪያ መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍራል። የቦርከና ወንዝን አሸዋ ከደቃቅ ጠጠር ጋር ደባልቆ ያለብሰዋል። ከዚያ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ ሾጣጣውን ወደ ታች፣ ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በመዶሻው ጀርባ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ያልተደላደለ ድንጋይ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻ ስንጥቁን አፈርና አሸዋ ይሞላዋል፤ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አይነካውም። ወደ ጓሮው በኩል ጥቂት ዘንበል ያደርገዋል፤ ውሃ ማዶ ሄዶ ሎሚውን እንዲያጠጣ።

ከእሱ በፊት በነበረው ትውልድ የተነጠፈ ግቢ ያለው ጥቂት ሰው ነው። የአያቴን ደጅ አስታውሳለሁ። የሚረገጠው መሬት ራሱ ነበር፤ በየጊዜው በእበት ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ አቧራ አያነሣም፣ እህል ቢሰጣበት ንጹሕ ነው። ከቤቱ ግድግዳ ተያይዞ የጭቃ መደብ አለ፤ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ አያቴ ጸሐይ የምትሞቅበት፣ ለከሰዓት ቡና ጎረቤት የሚሰበሰብበት። ያ መደብ ሲሰነጠቅ የሚጠገነው ከሠራው ጭቃ ነው። የጤፍ ጭድ ከአፈር ጋር ይረገጣል፣ ውሃ እየተጨመረበት ለቀናት ይቦካል፣ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ ይቆያል። ያልቦካ ጭቃ ቶሎ ይሰነጠቃል። የምርጊት ቀን ጎረቤት ይጠራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እግሩን አጥቦ ጭቃው ውስጥ ይገባል። ቤቱ አርጅቶ ሲፈርስ ግድግዳው ተመልሶ የጓሮ አፈር ይሆናል፤ በላዩ ጎመን ይተከላል። የፈረሰ የጭቃ ቤት ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ለም ነው፤ ልጅ ሆነን እዚያ ላይ የሚበቅለውን ዱባ እንጠብቅ ነበር።

አጥሩም ከዚያው መንደር ነው። ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ናት፤ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅንጭብ ይወዳታል። የቅንጭብ ቅርንጫፍ ቆርጠው መሬት ላይ ቢሰኩት ይበቅላል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ፍየል የማያልፈው አጥር ይሆናል፤ ከብት አይበላውም። ወተቱ ግን ዓይን ያጠፋል። እናቴ ቅንጭብ የሚከረክም ሰው ባየች ቁጥር «ዓይንህን! ዓይንህን!» እያለች ከሩቅ ትጮህ ነበር። ከቅንጭቡ መሐል ስሚዛ፣ ቁልቋልና ሬት ይገባሉ። ለማገርና ለአጥር ጭራሮ ክትክታ ከተራራው ይወርዳል፤ ኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ ዳገት ሁሉ ክትክታ ነው። ደሴ ላይ ነገሩ ይለያል። ከኮምቦልቻ የሚርቀው 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ሲወጡ ብርዱም ዛፉም ሌላ ነው። እዚያ አጥር ማለት ጽድ ነበር፣ ወይራ ነበር፣ በኋላ ባሕር ዛፍ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የጥንቱ ሁሉ ለተፈጥሮ የተስማማ ነበር የሚል ሰው ተራራውን አላየም። ራስ ሚካኤል፣ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል፣ ደሴን መናገሻቸው ካደረጉ ወዲህ ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ነጋዴው ሁሉ ምሰሶና አጥር ፈለገ። አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ግብር ሲበላ በየቀኑ የሚነደው ማገዶ ብቻ ስንት ዛፍ እንደሚጠይቅ አስቡት። ከተማ ባደገ መጠን ጽድና ወይራ ከቅርቡ እያለቀ ሄደ። አንድ የጽድ ቋሚ መሬት ውስጥ ገብቶ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆማል፤ ምስጥም እንዲህ በዋዛ አይደፍረውም። ጥሩነቱ ነው የጨረሰው። እንደገና ለማደግ ግን ጽድ ከቆራጩ ዕድሜ በላይ ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዳወጣት ሁሉ ደሴንም ታደጋት፤ ዛሬ ጦሳንና አዝዋን አሻቅቦ ላየ ሰው አረንጓዴው አብዛኛው እሱ ነው። ውሃ ይመጥጣል ብለን እናማዋለን። ያማነው እኛ ግን አጥራችንንም ጣሪያችንንም በሱ ነው ያቆምነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ከኮምቦልቻ በላይ ያለው የየጎፍ ደን እስካሁን የቀረ አይመስለኝም።

ከውጭ የመጣ ዕቃ ወደ ግቢያችን የገባው በአሰብ መንገድ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዘ በኋላ መንገዱን ሠራ፤ ኮምቦልቻ መገንጠያ ሆነች፤ አንዱ ወደ ደሴ ሽቅብ፣ አንዱ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ቀይ ባሕር። ከዚያ ወዲህ ከባድ መኪና ያላደረበት ሌሊት አልነበረንም። ቆርቆሮ በዚያ መጣ። ለአስፋልት ሬንጅ የመጣበት በርሜልም ሲያልቅ ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተደብድቦ አጥር ሆነ። የልጅነት ሰፈሬ አጥር ግማሹ ቅንጭብ፣ ግማሹ የበርሜል ቆርቆሮ ነው፤ በፀሐይ ሲግል የሬንጅ ሽታ ይሰጣል፣ ልብስ ከነካ አይለቅም። ያው በርሜል ከሀምሳ ዓመት በኋላም ዛሬ ዝጎ እዚያው ቆሟል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት የአሰብን መንገድ ሲዘጋ ሾፌሮቹ ተበተኑ፣ ሆቴሎቹ ቀዘቀዙ፤ በርሜሉ ግን አልሄደም።

አብሮ የመጣ ሌላም ልማድ አለ፤ እስከ ዛሬ ያልለቀቀን። ጋራዥ በበዛበት ከተማ የተቃጠለ ዘይት ይበዛል። የባሕር ዛፍ ቋሚ እንደ ጽድ መሬት ውስጥ አይቆይም፤ ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ሰው የቋሚውን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት እየቀባ መትከል ጀመረ። ዘይቱ ወደ አፈር ይወርዳል፤ ከአፈሩ ወደ ጉድጓድ ውሃ። የቀድሞዎቹ ግን የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ይለበልቡት ነበር፤ ከሰል እስኪለብስ። አባቴ ሁለቱንም አይቷል፤ ቋሚ ሲተክል እሳት ማንደድ አልተወም።

ሲሚንቶ ዘግይቶ ነው ግቢያችን የገባው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬዳዋ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው ነው፤ ሙገር ሥራ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ሲሚንቶ የመንግሥት ቤት፣ የድልድይ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሆኖ ኖረ። የኛ ግቢ ወሬውን የሰማው በ1997 ዓ.ም. ነው። እህቴ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች የላከችው ገንዘብ ነበር። «እማ፣ ግቢሽን ሊሾ አድርጊው፤ ጭቃ እንዳይነካሽ» ብላ በስልክ ለመነቻት። እናቴ አለቀሰች። ያን ቀን የነበረውን ደስታ ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም። ሴት ልጅ በክረምት ጭቃ ውስጥ ውሃ ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ፣ እንጨት ይዛ ስትንሸራተት ያላየ ሰው ሊሾ ምን እንደሆነ አይገባውም። በርበሬው ንጹሕ መሬት ላይ ተሰጣ። ቁንጫ ቀነሰ። ጎረቤት እየመጣ በባዶ እግሩ ረግጦ ያየው ነበር። አባቴ ምንም አልተናገረም፤ ብቻ ግንበኛው ሲለስን በሩ ላይ ተቀምጦ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ሲሸፈኑ ዓይኑን አልነቀለም።

በሁለተኛው ክረምት ሎሚው ደረቀ። ምክንያቱን ለማወቅ ዓመታት ወሰደብኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ነው፤ አምስት በርሜል። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከዚያ የሚበልጥ ይጥላል። ያ ውሃ ቀድሞ በድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል፤ ጓሮው ይጠጣዋል። በሊሾው ላይ ግን የሚሄድበት አንድ ብቻ ነው፦ በር። ከበራችን ወደ መንገድ፣ ከመንገዱ ወደ ታችኛው ጎረቤት አጥር። በ2004 ዓ.ም. የክረምት ሌሊት የታችኛው ጎረቤታችን የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ተበልቶ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የቅሬው (የሰፈሩ ዕድር) ሰዎች ወጡ፤ እኛም ካሳ ከፈልን። ጎረቤቴ ያኔ ያለኝን አልረሳውም፦ «እታለም፣ ይህ ውሃ እኮ የናንተ ነበር።» ሀምሳ ግቢ እንዲህ ሊሾ ሲሆን ውሃው በየቦዩ ተጠራቅሞ ቦርከና ይገባል፤ በየቤቱ የነበረ ውሃ ሁሉ በአንድ ሰዓት ወንዝ ላይ ይደርሳል።

ይህን የማውቀው ከአባቴ ነበር፤ ግን አላያያዝኩትም። በደርግ ዘመን፣ ድርቁ ወሎን ከመታ በኋላ፣ እሱም እንደ ብዙ ሰው በምግብ ለሥራ እርከን ሠርቷል። ክፍያው በቀን 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። ከትውልድ ቀዬው ብዙ በማይርቀው በማይባር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር፤ የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር። ባለሙያዎቹ ከእርሻው ቁራሽ የሚወርደውን ውሃና አፈር በጋን እየሰፈሩ ይመዘግቡ ነበር። አባቴ ያንን ሲያይ «የሚወርደውን ውሃ ይቆጥራሉ፤ እኛ እንዳይወርድ እንክባለን» ይል ነበር፤ ሁለቱም አንድ ሥራ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ውሃን በየደረጃው አስቁሞ፣ አስተኝቶ ማስገባት። ኮንሶዎች ይህንኑ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲያደርጉ ኖረው በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበላቸው። ቻይና ደግሞ ከተሞቿ በጎርፍ እየተጥለቀለቁባት በ2007 ዓ.ም. በ16 ከተሞች ስፖንጅ ከተማ የሚባለውን ሙከራ ጀመረች፤ መንገዱና ግቢው ውሃ እንዲጠጣ ማድረግ ነው። አባቴ በዲፕሎማ ሳይሆን በመዳፉ ያውቀው የነበረ ነገር ነው።

የሲሚንቶው ሌላው ዕዳ ከግቢያችን ርቆ ነው የሚከፈለው። የኖራ ድንጋይ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ እሳት ይቃጠላል፤ እሳቱም ድንጋዩም ካርቦን ይለቅቃሉ። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ ሰባት ስምንት ያህሉ ከሲሚንቶ ነው። የእናቴ ግቢ ድርሻ ኢምንት ነው፤ ግን የተሠራው ለዘላለም ይመስል ሆኖ በስምንት ዓመቱ ተሰነጣጠቀ። የፈረሰ ሊሾ ደግሞ እንደ ጭቃ መደብ ተመልሶ አፈር አይሆንም። የኛው ቁራጭ በሦስት ጋሪ ተጭኖ ወጣ፤ የት እንደተደፋ ጠይቄ ነበር፣ ከወንዙ ዳር ነው።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወዲህ ግቢው ራሱ ጠቧል። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ፓርኩ ሲመረቅ የኪራይ ክፍል ፈላጊ ሠራተኛ መጣ፤ ባለ ግቢ ሁሉ ጓሮውን በብሎኬት ክፍል ሞላው። እኛም ሁለት ክፍል ሠርተናል፤ በዚያ ኪራይ ነው እናቴ የምትታከመው። ስለዚህ «ሁሉም ወደ ጥንቱ ይመለስ» የሚል ምክር ለማንም አልሰጥም። የምለው፣ ያልተሸፈነች አንዲት ሜዳ ከቀረች እሷ ትተንፍስ።

እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። የአባቴን ድንጋዮች አልነቀልኳቸውም፤ በሊሾው የተደፈኑትን ስንጥቆች በፑንታ አጸዳናቸው። የጎደለውን አንድ ሦስተኛ ያህል ቦታ እነዚያው ልጆች በጌጠኛ ድንጋይ ሞሉት። ሁለቱም የኮብልስቶን ሙያ የተማሩ ናቸው። ሥራው በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኑ ጂቲዜድ ዕርዳታ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ ወደየከተማው ሲዛመት ስንቱ ሥራ ፈት ወጣት እንጀራ እንደበላበት አይቻለሁ፤ ደሴም ኮምቦልቻም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ እንዳይዘጉት፣ አሸዋ ብቻ። «ሣር ይበቅልበታል እትዬ» አለኝ ትልቁ። ይብቀል አልኩት። አሸዋውን በተመለከተ ልቤ ሙሉ አይደለም፤ ቦርከና ዳር አሸዋ የሚወጣበት ጉድጓድ በየዓመቱ ዳርቻውን እየበላ ነው፤ የአሮጌውን ንጣፍ አሸዋ አበጥረን መልሰን የተጠቀምነው ለዚህ ነው። የአጥሩን ቋሚ በእሳት ለብልበን ተከልን፤ ከሥሩ ስሚዛ አሰለፍኩ። የፕላስቲክ ቄጠማ የሚሉትን ግን እናቴም እኔም እምቢ ብለናል። ቡና የሚፈላበት ቄጠማ እርጥቡ ነው የሚሸተው፤ ሲደርቅም ለጎረቤት በግ ይሄዳል።

ሰኔ 18 ምሽት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ለወትሮው ውሃው በሊሾው ላይ ወደ በር ሲሮጥ ድምፁ ያስነሣን ነበር። ባትሪ ይዤ ወጣሁ። በድንጋዮቹ መሐል ውሃው ትንሽ ይቆማል፣ አረፋ ይሠራል፣ ይገባል። በራችን ደርቆ ነበር።

በማግስቱ እናቴ ከዘራዋን ይዛ ወጣች፤ ግቢውን ዞራ አየችው። አባቴ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ የፑንታውን ጭረት ግን እሷም ዐወቀችው፤ በእግሯ ጫፍ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ኩሽናው ዞር ብላ «እሺ፣ በርበሬውንስ የት ላስጣው?» አለችኝ። አስቤበት ነበር። ከኩሽናው አጠገብ ሁለት በሦስት የሚሆን ሊሾ ሳላስፈነቅል ትቼላታለሁ። ጥቅምት ላይ በርበሬው ተሰጣበት፤ እሷ አጠገቡ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዶሮ ስታባርር ዋለች።